ባሕር የማይነሳበት ቤት

ልጅ ልብ ወለድ ይዞ ሲገኝ በየቤታችን የምንለው ነገር ይታወቃል። «ተረቱን ተይና ትምህርትሽን አጥኚ» እንላለን። መጽሐፉን ከእጇ ተቀብለን ቁም ሳጥን አናት ላይ እናስቀምጠዋለን፤ ከዚያ የልጃችንን ነገ ያዳንን ያህል ደስ ብሎን ወደ ሥራችን እንመለሳለን። ክፋት ኖሮብን አይደለም። ነገር ግን ከልጃችን እጅ የነጠቅነው ነገር አንዳንዴ ለራሳችንም የሚያስፈልገን ይሆናል። በአንድ የወደብ ከተማ፣ በአንድ መካኒክ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ፤ ፍርዱን ለእናንተ እተዋለሁ።

ሰውየው የጀልባ ሞተር ጠጋኝ ነው። ቤቱ ከታች ወርክሾፕ፣ ከላይ መኖሪያ ነው። ከታች ቀኑን ሙሉ ጨው የበላው ሞተር ሲፈታና ሲገጠም ይውላል፤ ካንዴላ ይጸዳል፣ ካርቡሬተር ይነፋል፣ ዓሣ አጥማጆች እየተነጫነጩ ወረፋ ይጠብቃሉ። መካኒኩ ጨዋታ ያውቃል። «ሞተሩ ደህና ነው፤ የታመመው ባለቤቱ ነው» እያለ ደንበኞቹን ያስቃቸዋል። እጁን በሳሙና አሽቶ ደረጃውን ሲወጣ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ከላይ፣ በመኖሪያው፣ ባሕር አይነሳም። በባሕሩ በኩል ያለው መስኮት መጋረጃው አይገለጥም። የሚበሉትም የሚለብሱትም ከባሕር የመጣ ሆኖ ሳለ፣ ስሙን የሚጠራ የለም።

ምክንያቱን ሁሉም ያውቀዋል። የመካኒኩ ታናሽ ወንድም ገና በወጣትነቱ ባሕር ገብቶ በዚያው ቀርቷል። ከተማው ያኔ የሰጠው ፍርድ አጭር ነበር። «ጥጋብ ነው የገደለው፤ ለጓደኞቹ ዋና ሊያሳይ ገብቶ ነው» ተባለ። ቤተሰቡ ወሬውን አላስተባበለም፣ እሺ ብሎም አልተቀበለም፤ ዝም አለ። የሁለቱ ወንድማማቾች እናት አሁን አርጅተው ከመካኒኩ ጋር ይኖራሉ። ወሬ ወደ ባሕር ጠጋ ባለ ቁጥር ከባልና ሚስቱ አንዳቸው «እማማ እንዳይሰሙ» ይላሉ፤ ወሬውም እዚያው ይሞታል።

በዚህ ቤት ነው እንግዲህ የስድስተኛ ክፍል ተማሪዋ ያደገችው። አፏን ከፈታችበት ጊዜ ጀምሮ «ለምን?» ማለት ስለማይሰለቻት ቤተሰቡ «ለምኒት» የሚል ስም አውጥቶላታል።

የለምኒት የክፍል ኃላፊ የታሪክ መምህርት ናት። የሳይንስ መምህሩ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ሲዛወር፣ ርዕሰ መምህሩ «ለጊዜው ያዥልን» ብለው ሳይንሱንም ደረቡላት፤ ለጊዜው የተባለው እንደ ብዙ ነገር ሁሉ ቋሚ ሆነ። መምህርቷ ልጆቹን አንድ ቀን «የውቅያኖስ ጅረት ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው። ክፍሉ በአንድ ድምፅ ትርጉሙን እንደ መዝሙር ወረደው። «ጎበዞች። በዚህ መስኮት የሚታየው ውሃስ ወዴት ነው የሚሄደው?» አለች። አንዱ ልጅ ብቻ ከኋላ «ፈተና ላይ ይመጣል?» ሲል ጠየቀ።

መምህርቷ ይህን ጥያቄ ቤቷ ድረስ ይዛው ሄደች። በማግስቱ ጠርዙ የተበላ አሮጌ ልብ ወለድ ይዛ መጣች። ከብዙ ዘመን በፊት በባለሸራ መርከብ ስትጓዝ የነበረች የአንድ ወጥ ቤት ሠራተኛ ልጅ፣ መርከቡ ከዐለት ጋር ተጋጭቶ ሲሰበር፣ ከጥቂት ሰዎች ጋር ውሃ በሌላት ደሴት ላይ እንዴት በሕይወት እንደቆየች የሚተርክ ነው። በየቀኑ የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ ለእሱ ሰጠችው። እሷ ታነባለች፣ ልጆቹ ያዳምጣሉ፤ የገረማቸው ነገር ሲገጥማቸው እጃቸውን ያወጣሉ፣ ንባቡ ይቆማል፣ ትምህርቱ ይጀመራል።

በታሪኩ ውስጥ አንድ መርከበኛ ጥሙን መቋቋም አቅቶት የባሕር ውሃ ጠጣ፤ ጥሙ ይባስ ብሎ አቃጠለው። «ውሃ ጠጥቶ እንዴት ይጠማዋል?» አሉ ልጆቹ። መምህርቷ ድንች ቆራርጣ ግማሹን በንጹሕ ውሃ፣ ግማሹን በጨው ውሃ ዘፈዘፈች። ከዕረፍት ሲመለሱ በጨው ውሃ ውስጥ የነበረው ልምሽሽ ብሎ አገኙት። ጨዉ ከድንቹ ውስጥ ውሃ እንደሳበ፣ ሰውም የባሕር ውሃ ሲጠጣ ጨዉን በሽንት ለማስወጣት ከጠጣው የበለጠ ውሃ እንደሚያጣ አስረዳቻቸው። ያን ቀን ትርጉም የሸመደደ ልጅ አልነበረም፤ የረሳም የለም።

ሌላ ቀን ደግሞ መርከቡ ስለሰመጠበት ሰዓት ስታነብ፣ «በመርከቡ ሆድ ከነበሩት ማንም አልተረፈም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር አለፈ። ደራሲው ከዚያ ወዲያ ስለ ካፒቴኑ ጀግንነት ነው የሚያወራው። ለምኒት እጇን አወጣች።

«መምህር፣ በመርከቡ ሆድ የነበሩት እነማን ናቸው?»

«ወደ ሌላ አገር እርሻ የሚወሰዱ የጉልበት ሠራተኞች ናቸው።»

«ለምን አልወጡም?»

«ከላይ ተቆልፎባቸው ነበር።»

«ለምን?»

መምህርቷ መጽሐፉን ዘጋችው። በቀጣዮቹ ቀናት ልብ ወለዱ ተቀምጦ የታሪክ መጻሕፍት ተገለጡ። በዚያ ዘመን ማንበብ የማይችሉ ሰዎች በማያውቁት ውል ላይ አውራ ጣታቸውን እያስቀመጡ እንዴት ባሕር ማዶ ይጋዙ እንደነበር አነበቡ። ያ ከኋላ የሚቀመጠው ልጅ ስለ ፈተና መጠየቁን ትቶ፣ «ታዲያ ደራሲው ይሄን ለምን አልጻፈውም?» አለ።

«ታሪክ የምንማረው ይሄንኑ ለመጠየቅ ነው» አለች መምህርቷ። «የማን ነገር ተነገረ? የማንስ ቀረ? የተነገረውስ ልክ ነው ወይ?»

ልጆቹ «ካፒቴን» ይሏት ጀመር። እሷም «ካፒቴኑን ስናማው ሰንብተን?» ብላ ሳቀች፤ ስሙ ግን ጸናባት።

ነገሩ የተበላሸው በመካኒኩ ቤት እራት ላይ ነው። ልጅቷ መጽሐፉን ለአንድ ቀን ተውሳ፣ ጀግናዋ ሰውን ከዳር ወደ ጥልቁ በሚስበው በጎታች ውሃ ስለተወሰደችበት ምዕራፍ ስታነብ አምሽታ ነበር። ማዕድ ላይ እንደተቀመጡ፣ «አባዬ፣ ጎታች ውሃ እዚህ እኛ ባሕር ላይም አለ?» አለች።

የአባቷ ማንኪያ በአየር ላይ ቀረ። አያቷ ዓይናቸውን ሳህናቸው ላይ ተከሉ። እናቷ «ብዪ፣ ብዪ፣ ይቀዘቅዛል» አለች። አባቷ ግን ተነሥቶ መጽሐፉን ከወንበሩ ላይ አነሣና፣ «ለትምህርት ነው የምልክሽ፤ ለዚህ አይደለም» ብሎ ወሰደው።

በማግስቱ መጽሐፉን በጋዜጣ ጠቅልሎ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባ። መምህርቷም ተጠራች።

«መምህር፣ እኔ ሰው ማስቀየም አልወድም» አለ መካኒኩ። «ግን ይሄ ነገር ውሸት ነው። መርከቡም ልጅቷም የሉም። ልጄን አስተምሩልኝ ብዬ የላክኋት እውነት እንድትማር ነው። ታሪክ ከሆነ የሆነውን ያስተምሯት። ሳይንስ ከሆነ መጽሐፉ አለ።»

«ልክ ነው፣ ልጅቷ የለችም» አለች መምህርቷ። «ያቃጠላት ጥም ግን አለ። የወሰዳት ውሃም አለ። ልጆቹ ለልጅቷ ብለው ይጠይቃሉ፤ እኔ ደግሞ ከመማሪያ መጽሐፉ አውጥቼ እመልሳለሁ። ልብ ወለዱ የተሳሳተበትንም አብረን እናርማለን። ሳይጠይቁ የነገርኳቸውንማ ደጃፍ ሳይደርሱ ያራግፉታል።»

«ልጅን በባሕር ማባበል ነው ይሄ።»

«ባሕሩ ሳናባብላቸውም ደጃፋቸው ላይ ነው ያለው፣ ወንድሜ።»

ርዕሰ መምህሩ ከአንዱ ወደ ሌላው እያዩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ፈተና ደርሷል፤ ወላጅ ተቆጥቷል፤ እሳቸው ደግሞ ጡረታቸው ቀርቧል። «እንግዲህ የወላጆች ስብሰባ እስኪደረግ ንባቡ ይቁም» አሉ።

መምህርቷ አልተከራከረችም። ግን እጇን አጣጥፋም አልተቀመጠችም። በየቀኑ ከክፍል ስትወጣ የተማሪዎቿን ቤት ማንኳኳት ጀመረች። አንዱ በር ላይ ቆሞ ሰምቶ መለሳት። ሌላዋ እናት «ልጄ ድንች በጨው እየዘፈዘፈ አስቸገረኝ፤ ግን እውነትሽን ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ትምህርቱ አወራኝ» አለቻት። እግሯ እስኪዝል ዞራ፣ በመጨረሻ ወርክሾፑ ደረሰች።

መካኒኩ አንድ ሞተር ላይ አጎንብሶ ነበር። ካቻቢቴውን ሳይለቅ ሰላም አላት። ዱካ ሳብ አድርጎ ግን አስቀመጣት፤ ጨዋ ሰው ነው።

«ላስቸግርዎት አልመጣሁም» አለች። «ወንድምዎት በባሕር እንደሄዱ ሰምቼ ነው። ሳላውቅ ቁስልዎትን ነክቼ ከሆነ ይቅርታ ልልዎት ነው።»

ሰውየው ካቻቢቴውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «ጥጋበኛ ነበር ይሉታል» አለ በመጨረሻ።

«ነበሩ?»

ይህን ጠይቆት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሌሎች ሁሉ ነግረውት ነው የሚያውቁት። «አልነበረም» አለ ቀስ ብሎ። «እንደውም ፈሪ ነበር ማለት ይቻላል። ዋናም ብዙ አይችልም። ለምን እንደገባ፣ እንዴት እንደሄደ ዛሬም አይገባኝም።»

«ውሃው ያን ቀን እንዴት ነበር?»

«መምህር፣ በቃ» አለ መካኒኩ፤ ድምፁ ግን አልተቆጣም። መምህርቷ አመስግናው ሄደች።

ከጥቂት ቀናት በኋላ መካኒኩ ልጁን ከትምህርት ቤት ተቀብሎ ሲመለስ ስልክ ተደወለለት። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የአሸዋ ዳርቻ የአንድ ደንበኛው ሞተር ቆሟል፤ ሰውየው ጀልባው ላይ ዓሣ ጭኖ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። ልጅቷን ቤት አድርሶ ለመመለስ ጊዜ አልነበረም። ቦታው ደግሞ ያ ቦታ ነበር። ወንድሙ ከሄደ ወዲህ እግሩ ረግጦት አያውቅም።

«ከመኪናው አትውረጂ» አላት። ሞተሩን ከፍቶ ካንዴላውን እስኪቀይር ድረስ ቃሉን ጠበቀች። ከዚያ የመኪናው በር ሲከፈት ሰማ።

ልጅቷ ወደ ውሃው አልነበረም የሄደችው። ሁለት ሕፃናት በእጇ ይዛ ልብሳቸውን ወደምታወልቅ አንዲት ሴት ነው የሮጠችው። መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ተከተላት። ሲደርስ ልጁ እያለከለከች ስታስረዳ አገኛት።

«እትዬ፣ እዚህ ጋ እንዳይገቡ። እዚህ ጋ አደገኛ ነው።»

«የኔ ልጅ፣ እኔ እኮ ፈልጌ ፈልጌ ሞገድ የሌለበትን ነው የመረጥኩት» አለች ሴትየዋ ፈገግ ብላ። «እዚያና እዚያ ይናወጣል፤ እዚህ መሐሉ ጋ ፀጥ ብሏል።»

«ፀጥ ያለው ለዚያ ነው» አለች ለምኒት። «በዚያና በዚያ ሞገዱ እየተሰበረ ውሃውን ወደ ዳር ይገፋዋል። የተገፋው ውሃ ደግሞ መመለሻ ይፈልጋል። በዚህ በመሐሉ ነው ወደ ጥልቁ የሚመለሰው። ስለዚህ እዚህ ሞገድ አይሰበርም። አረፋውን እይው፣ አባዬ፣ ወደ ውስጥ ነው የሚሄደው።»

መካኒኩ አየ። እውነትም አረፋው ከዳር ተነሥቶ፣ ማንም ሳይነካው፣ ወደ ጥልቁ ይጓዛል። ሴትየዋ አሁንም ስላላመነች ልጅቷ ከምሳ ቦርሳዋ የተረፈ ብርቱካን አወጣችና ለአባቷ ሰጠችው። «አንተ ወርውረው፤ የእኔ እጅ አይደርስም።»

ወረወረው። ብርቱካኑ ፀጥ ባለው ውሃ ላይ ለአፍታ ተንሳፈፈ፤ ከዚያ ገመድ ታስሮ እንደሚጎተት ነገር ወደ ጥልቁ ይሄድ ጀመር። ጎበዝ ዋናተኛ እንኳ አይደርስበትም። እየራቀ፣ እያነሰ፣ ጠፋ። ሴትየዋ ሁለቱን ሕፃናት ወደ ጉያዋ ሰበሰበቻቸው።

«ሰው ቢወሰድስ?» አለ መካኒኩ። ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር።

«ወደ ዳር ቀጥ ብሎ መዋኘት የለበትም። ውሃው ስለሚበልጠው ይደክመውና ይሰምጣል። መጀመሪያ ተረጋግቶ መንሳፈፍ፣ ከዚያ ወደ ጎን ወደ ጎን መዋኘት ነው። ጎታች ውሃ ጠባብ ነው፤ ከወጡበት ሞገዱ ራሱ ወደ ዳር ይመልሳል። የመጽሐፉ ልጅም እንደዚህ አድርጋ ነው የወጣችው።»

መካኒኩ አሸዋው ላይ ተቀመጠ። ወንድሙ ያን ቀን በዚህ ዳርቻ እየተመላለሰ ሲመርጥ ትዝ አለው። «እዚህ ጋ ይሻላል፣ እዚህ ፀጥ ብሏል» ነበር ያለው። ከዚያ ፊቱን ዳር ወደ ቆሙት ወደ መካኒኩና ወደ ጓደኞቹ አድርጎ፣ ቀጥ ብሎ፣ ጉልበቱ እስኪያልቅ ድረስ ወደ ዳር ሲዋኝ፣ ባለበት ሲቀር አይተዋል። እነሱም ከዳር ሆነው «ወደዚህ! ወደዚህ!» እያሉ ይጮሁ ነበር። ሊያድኑት መስሏቸው።

ልጅቷ አጠገቡ ቆማ እጇን ትከሻው ላይ አደረገች። «ለምን?» አላለችም።

ያን ቀን ቤት ሲገባ እጁን ሳይታጠብ ወደ እናቱ ክፍል ሄደ። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «እማማ፣ ስለ እሱ የምነግርዎት ነገር አለ» አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የወንድሙን ነገር በእናቱ ፊት አነሣ። ስለ አረፋው፣ ስለ ብርቱካኑ ነገራቸው። «ጥጋብ አይደለም፣ እማማ። ተጠንቅቆ ነው የገባው። የተሻለውን ቦታ መርጦ ነው። የነገረው ሰው ስላልነበረ ነው።»

አሮጊቷ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው እስከ መጨረሻው ሰሙት። ከዚያ አንገታቸውን ነቀነቁ።

«እኔማ ልጄን አውቀዋለሁ» አሉ። «ጥጋበኛ አለመሆኑን ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም። ግን ስሙን ሳነሣ አንተ ፊትህ ይጠቁርብኛል። የቀረኝን ልጄንም እንዳላሳዝን ብዬ ዝም አልኩ።»

«እኛ እኮ እርስዎን ብለን ነው ዝም ያልነው።»

እናትና ልጅ ተያዩ። ስንት ዘመን አንዱ ለሌላው ብሎ ዝም እንዳለ ያን ጊዜ ገባቸው። አሮጊቷ ቀድመው አለቀሱ፤ ከዚያ ሁለቱም አለቀሱ፤ ሚስቱ በር ላይ ቆማ «እማማ እንዳይሰሙ» የምትልበት ምክንያት አጣች።

በወላጆች ስብሰባ ቀን ርዕሰ መምህሩ ነገሩን ዳር ዳር እያሉ ሲጀምሩት መካኒኩ እጁን አወጣ። ከወንበሩ ተነሥቶ ቆመ። «ንባቡን ያስቆምኩት እኔ ነኝ» አለ። «ልጆቻችን ስለ ባሕሩ ካልሰሙ አይነካቸውም ብዬ ነበር። ባሕሩ ግን የሰማውንም ያልሰማውንም እኩል ነው የሚወስደው።» ከዚያ በዳርቻው ላይ ያየውን፣ ወንድሙ እንዴት እንደሞተ፣ ከተማው ስለ ወንድሙ ያወራው እንዴት ስሕተት እንደሆነ ተናገረ። ከወላጆቹ መሐል ያኔ ወሬውን ያወሩም ነበሩ፤ አንገታቸውን ደፉ። አንድ ሸበቶ ዓሣ አጥማጅ፣ «የእኔም እህት ልጅ እዚያው ነው የቀረው። እኛም እጣው ነው ብለን ዝም አልን» አለ። ሌላም ተነሣ። ሌላም። ርዕሰ መምህሩ እጅ አስነሥተው ድምፅ መቁጠር አላስፈለጋቸውም። «ንባቡ ይቀጥል» አሉ፤ «እኔም መጥቼ ላዳምጥ።»

መካኒኩና ተማሪዎቹ ከአሮጌ ጀልባ ጣውላ ሰሌዳ ሠርተው በዳርቻው ላይ ተከሉ። «በሞገዶች መሐል ፀጥ ባለው ውሃ አትግቡ። ውሃ ከወሰዳችሁ አትታገሉት፤ ተንሳፈፉ፣ ወደ ጎን ዋኙ» ይላል። ፊደሉን የጻፈው ያ ከኋላ የሚቀመጠው ልጅ ነው።

እናንተ ልጆች የምታሳድጉ፣ እናንተም የምታስተምሩ፤ ልጅ በእውን ለሌለች፣ በልብ ወለድ ውስጥ ላለች ልጅ ሲያለቅስ ብታዩት ጊዜውን አባከነ አትበሉ። በእውነተኛው ዓለም ላይ የሚጠይቀውን ጥያቄ እያገኘ ነው። ጥያቄው ሲመጣ ደግሞ አትሽሹት፤ የምታውቁትን ንገሩት፣ የማታውቁትን አብራችሁት ፈልጉ። በፍቅር የተጠበቀ ዝምታም ሰው ይገድላል።

መጽሐፉ ተነብቦ ባለቀበት ቀን መምህርቷ እንግዳ ጋበዘች። የለምኒት አያት በልጃቸው ክንድ ተደግፈው ገቡና በተማሪ ወንበር ላይ ተቀመጡ። «ስለ ልጃቸው አሟሟት ሰሌዳውን ስትሠሩ የለምኒት አባት ነግሯችኋል» አለች መምህርቷ። «ታሪክ ግን በአሟሟት አይጀምርም። እስቲ የምትፈልጉትን ጠይቁ።»

አንዲት ትንሽ ልጅ፣ «እማማ፣ ልጅዎት ምን ያስቀው ነበር?» አለች።

አሮጊቷ ወደ ልጅቷ ዞሩ። ፊታቸው ቀስ በቀስ ሲፈታ ሁሉም አየ። «ይሄንማ ከጠየቃችሁኝ» አሉ ወንበራቸውን ወደ ልጆቹ እየሳቡ፣ «ቀረብ በሉ።»